በግንባሩ የተደፋው ስልክ

እኔ ቀጭን ስልክ አልወድም። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ የምኖረው በእሱ ነዋ! ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ በጫማ ሻጮችና በሰዓት ሻጮች መሃል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስገባ ሱቅ አለችኝ። የስልክ ሽፋን፣ የሚለጠፍ መስታወት፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ። ስልኩን ራሱን አልሸጥም። ሰዉ ከሌላ ሱቅ ይገዛና፣ ገና ከካርቶኑ እንደወጣ፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። "እህቴ፣ ይቺን ነገር አልብሺልኝ" ይለኛል። ቀጭን ነው ብሎ ይገዛዋል፤ ከዚያ እንዳይሰበር ብሎ ወፍራም ጎማ ያለብሰዋል። ጀርባው ያምራል ብሎ ይገዛዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጀርባውን አያየውም። እኔ ምን ቸገረኝ፣ አለብሳለሁ። አንዳንዴ ግን ምላሴን መያዝ ያቅተኛል። "ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ወፍራሙን ብትገዛ ምን ነበረበት?" እላለሁ። ይስቃል። የሳቀ ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ጥላቻዬ ግን ከሱቁ የመጣ አይደለም። ከእናቴና ከደቻቱ የመጣ ነው።

እናቴ ሳልባጅ ትሸጣለች። ሸራዋን ደቻቱ ላይ ታነጥፍና ሹራቡን፣ ጃኬቱን፣ የልጅ ሱሪውን ትከምርበታለች። ደቻቱ ወንዝ ነው ቢባልም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ ፍየል ይተኛበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ውሃው ሲመጣ ግን አያስፈቅድም። ክፋቱ ደግሞ ከእኛ ሰማይ አይመጣም። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው። እኛ ታች ፀሐይ አናታችንን እየበሳን፣ አሸዋው እግር እያቃጠለ፣ ደራሽ ውሃ ግንዱንና ድንጋዩን እያንከባለለ ከተፍ ይላል። ስንቱን ወስዷል። ደቻቱ ሰው የወሰደበት ቤት በየሰፈሩ አለ፤ ያው ቤት ግን ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲጫወቱ አይከለክልም። ምን ይደረግ፣ ከተማው ያለው በወንዙ ግራና ቀኝ ነው፤ የት ይኬዳል።

እናቴን ይህን ሁሉ ዓመት ያቆያት ወንድሟ ነው። አብቲ እንለዋለን፤ በሶማሊኛ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲያ ነው። ደንገጎ መንገድ ዳር ጎሚስታ አለው፣ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ከቤቱ ጀርባ ገደል አለ፤ ወደ ደቻቱ ከሚወርደው ውሃ አንዱ በዚያ ያልፋል። ገደሉ መሙላት ሲጀምር አብቲ እጁ ላይ ያለውን ጎማ ጥሎ ለእናቴ ይደውላል። ሁለቴ ያስጮህና ይዘጋዋል። እሷም ከታች አንዴ አስጩሃ ትዘጋለች፤ ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። አይነጋገሩም። ለሌላ ጉዳይ ሲሆን እስክታነሳ ድረስ ያስጮኸዋል፤ ሁለቴ ጮኾ ከቆመ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ውሃው ተነስቷል።

እናቴ ሁለቱን ጩኸት ስትሰማ ትነሳና የሸራዋን ጫፎች ትሰበስባለች። እሷ ስትሰበስብ ከጎኗ ያለችው ትሰበስባለች። ከጎኗ ያለችው ከዋሂል ወደ ከተማ የገባች ኦሮሞ ናት፤ እኛ "የዋሂሏ" እንላታለን፣ ከእናቴ ጋር ብዙ ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ከዋሂሏ ቀጥሎ ያለችው እሷን አይታ ትነሳለች፣ ከዚያ ደግሞ የምትቀጥለው፣ እንዲህ እያለ መስመሩ እስከ ድልድዩ ይነሳል። ሴቶቹ ሲያወሩ ሶማሊኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን ያቀላቅላሉ፤ ለዚህ ግን ቋንቋ አያስፈልጋቸውም ነበር። "ምን ተባለ?" ብላ የምትጠይቅ የለችም። ደንበኛ ዋጋ እየጠየቀ ሸራው ይታጠፋል። ዳር ወጥተው ዕቃቸው ላይ ቁጭ ይላሉ። ውሃው ይመጣል፣ ያልፋል፣ በማግስቱ እንደገና አሸዋ ይሆናል።

ያኔ የእናቴ ስልክ ወፍራም፣ ባለ ቁልፍ ነበር። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል፣ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል፣ ጩኸቱ የተኛ ፍየል ያስበረግጋል። በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሽቲ ቀሚሷ ውስጥ ትከተዋለች። ይወድቃል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ይጮሃል። ቆንጆ አልነበረም። እናቴም ስልኬ ቆንጆ ነው ብላ አታውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ጅቡቲ ይሠራል። ለኢድ ሲመጣ ቀጭኑን ስልክ ይዞላት መጣ። እውነቱን ለመናገር ዓይን ይስባል። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ተሞርዶ ተሞርዶ ሊጠፋ ደርሷል፣ ፊቱ ላይ አንድም ቁልፍ የለም፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። እናቴ ወዲያው አልነካችውም። እጇን በሽቲዋ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፣ ከዚያ ተቀበለችው። መስታወቱ ላይ ፊቷን አየች።

"ይሄ የኔ ነው?" አለች።

"ያንቺ ነው፣ ሆዮ" አላት ወንድሜ። እናታችንን የምንጠራት በሶማሊኛው ነው። "ግን ስሚኝ፣ ዋናው ነገር መስታወቱ ነው። አሸዋ እንዳይነካው። አንዴ ከጫረው አለቀ።"

"ወላሂ አሸዋ አላስነካውም።"

አሸዋ ላይ የምትውል ሴት ናት እንዲህ ብላ የማለችው። እኔ ሳቅሁ፤ ሁለቱም አልሳቁም። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" አልኩ፣ ለስልኩ መሆኑ እንዲገባቸው በጣቴ እያመለከትኩ።

"አቦ አንቺ ደግሞ!" አለኝ ወንድሜ። "በስልክ እየኖርሽ ስልክ ትጠያለሽ?"

አሮጌውን በዚያው ሳምንት ጀልዴሳ ለሚኖር ዘመዳችን ሰጠችው። ግመልና ፍየል ይጠብቃል፤ ከቤት ርቆ ስለሚውል እንደሱ ያለ ስልክ ነበር የሚፈልገው። ደስ ብሎት ወሰደው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው።

ትንንሹ ነገር ወዲያው ጀመረ። ላብ ባለው ጣቷ ስትነካው አይታዘዛትም፤ ድሬ ላይ ላብ የሌለው ጣት ከየት ይመጣል? ጆሮዋ ላይ ስትለጥፈው ጉንጯ ይነካውና ወሬዋን መሃል ላይ ይቆርጠዋል። ሽቲዋ ውስጥ ስትከተው ሾልኮ ይወርዳል። እንዳታንጠለጥለው ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳ ቁንጅናውን ያበላሽበታል መሰለኝ። ጥሪው ደግሞ ለስላሳ ዜማ ነው፤ የገበያ ጫጫታ ውስጥ አለ ወይስ የለም ያሰኛል። ስለዚህ እናቴ ከሳልባጁ ውስጥ የለሰለሰ ሹራብ ትመርጥና ከጎኗ ዘርግታ ስልኩን እዚያ ላይ ታስቀምጠዋለች። ንፋስ የሚያመጣው አሸዋ መስታወቱን እንዳይጭረው በግንባሩ ትደፋዋለች። ከዚያ ዙሪያውን በሹራቡ ጠቅለል ታደርገዋለች። እኛን ስታሳድግ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቃ ያስተኛችን አይመስለኝም።

ከዚያ አለመጮህ ጀመረ።

ከሱቅ እደውላለሁ፣ አታነሳም። ቤት ስንገናኝ "ለምን አታነሺም?" ስላት "አልጮኸም" ትለኛለች። ተቀብያት እዚያው እደውልበታለሁ። እጄ ላይ ይጮሃል። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አድርጌ እሰጣታለሁ። በማግስቱ እደውላለሁ፣ አታነሳም። "አልጮኸም" ትላለች። እንደገና እሞክረዋለሁ፣ ይጮሃል። ስልክ እያለበስኩ የምኖር ሴት ግራ ገባኝ።

"ለሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ለኔ አይጮህም" አለችኝ አንድ ቀን ከእራት በፊት፣ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ እያየችው። "የሆነ ነገር አለበት።"

እየቀለደች መስሎኝ ቀና አልኩ። አልቀለደችም። ቢስሚላህ ብላ ነው ያነሳችው።

ክረምቱ ገብቶ ነበር። ከሰዓት ከሰዓት ደንገጎ ላይ ደመና መቆለል ጀምሯል። አብቲ ስልኩ ከመጣ ወዲህ ሁለቴ አስጩሆ አያውቅም። ገና አልደወለም።

አንድ ቀን፣ ገበያው ከቀትር እንቅልፉ ነቅቶ ሱቆች መከፈት ሲጀምሩ፣ ለአንድ ደንበኛ መስታወት እየለጠፍኩ ነበር። የእርጥብ አፈር ሽታ የያዘ ንፋስ በሩን አልፎ ገባ። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ወደ ውጭ ወጥቶ "ያ ረቢ" ሲል ሰማሁ። ወጣሁ። ተራራው የለም። ተራራው የነበረበት ቦታ ጠቁሯል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው።

ለእናቴ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ለአብቲ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ለማን እየደወለ እንደሆነ ገባኝ። መስታወቱን ግማሽ እንደለጠፍኩ ለደንበኛው አስታቅፌ፣ ሱቁን ለጫማ ሻጩ አደራ ብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ደቻቱ ዳር ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ሁሉም ተቀምጠዋል። ፀሐይ ላይ፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ እየተጫወቱ። እናቴ ከአንዲት ገዢ ጋር በልጅ ጃኬት ዋጋ ትከራከራለች። ስልኩ ከጎኗ፣ ቀይ ሹራብ ላይ፣ በግንባሩ ተደፍቷል። በጠርዙ ሥር ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ድምፅ የለም።

እየሮጥኩ ወርጄ አነሳሁትና ገለበጥኩት። ፊቱ ወደ ሰማይ እንደዞረ እጄ ውስጥ ጮኸ።

አብቲ ነበር። እናቴ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ተራራው ዞረች። የሸራዋን ጫፍ ያዘች። "ቢዮ!" ብሎ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ "ቢሻን!" አለ ሌላው፣ "ውሃ!" አለ ሦስተኛው። መስመሩ በሙሉ በአንዴ ተነሳ። እንደወትሮው በረድፍ አልነበረም፤ አንዷ በሌላዋ ሸራ ላይ እየተራመደች፣ ዕቃው እየተቀላቀለ፣ ሰው ሰው ላይ እየወደቀ ነበር። ዳሩን እንደወጣን ውሃው ታጥፎ ከሚመጣበት ጥግ ብቅ አለ። ቡናማ ነው፣ ከፊቱ ቆሻሻና የግራር ቅርንጫፍ እየገፋ ይመጣል።

ሰው አልሞተም። የዋሂሏ ግን ለትምህርት መክፈቻ ብላ የያዘችው የልጆች ሹራብ ሁሉ ታች ቀረ። ክምሩ ትልቅ ነበር፤ አንስታ አንስታ ሲያቅታት ትታው ነው የወጣችው። ውሃው ሸራውን ከሥሩ አነሳው፣ አዞረው፣ ፈታው። ሹራቦቹ አንድ በአንድ ሲሄዱ ዳር ላይ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

"ስልክሽ አልጮኸም?" አለቻት።

"አልጮኸም።"

"ሁልጊዜ ይጮህ ነበር።"

የዋሂሏም ሌላ አልጨመረችም። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

ቤት ገብተን እናቴ እንዳደረገችው አደረግኩ። ሹራብ ዘረጋሁ፣ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት፣ በእኔ ስልክ ደወልኩ። ዝም አለ። ገለበጥኩት፤ ጮኸ። ደፋሁት፤ ዝም አለ። ሴቲንጉን ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፤ ስልኩ ፊቱ ወደ ታች ሲሆን ራሱን በራሱ ድምፅ እንዲያጠፋ ሆኖ ነው ከፋብሪካው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ይህን ያሰበው ሰው ጠረጴዛ ያለው ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ስልኩ ሲጮህበት ቁልፍ ላለመፈለግ ገልበጥ ያደርገዋል፣ ዝም ይልለታል፣ ሰዎችም ጨዋ ነው ይሉታል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አልዋሽም። አሸዋ ላይ ተቀምጣ መስታወት ከአሸዋ የምታድን ሴት ግን አልታየችውም። በድሬ ስልኩን በግንባሩ የማይደፋ ማን አለ? የባጃጅ ሹፌሩ ይደፋል፣ ጫት ይዞ በርጫ ላይ የተቀመጠው ይደፋል፣ ደንበኞቼ ሁሉ ይደፋሉ። ሁላችንም ከአቧራ እናድነው ብለን አፉን እንይዘዋለን።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ጮህኩበት። ጥፋቱ የሱ አለመሆኑን እያወቅኩ ጮህኩበት፤ አንድ ሰው ላይ መጮህ ነበረብኝ። ከዚያ ያን ሴቲንግ አጠፋሁት። ጥሪውን ቀይሬ ጆሮ የሚበሳ ጫጫታ አደረግኩት። በሱቄ ካለው ሁሉ ወፍራሙን፣ ጥግ ጥጉ ያበጠውን ሽፋን አልብሼ፣ ጎማውን በስቼ ገመድ አስገባሁና አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩት። ቀጭኑ ስልክ ጡብ አከለ። እናቴ አየችውና አለቀሰች። አዝናለት ይሁን ተናዳበት አልጠየቅኳትም።

አበቃ ብዬ ነበር። አላበቃም፤ ከዚያ ነው የባሰው።

አብቲ ያን ቀን እህቱ የሞተች መስሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቡ ቦታው አልገባም። ገደሉ እርጥብ ሲሆን ይደውላል፣ ደመና ሲጠቁር ይደውላል። ሁለቴ ይጮሃል፤ እናቴ ትነሳለች፣ ሴቶቹ ይነሳሉ፣ ዳር ወጥተው ይጠብቃሉ፣ ውሃ የለም። በማግስቱም እንዲሁ። ደግሞ በሌላ ቀን እንዲሁ። ገዢ ሸራ ሲታጠፍበት ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። የዋሂሏ ከዜሮ ተነስታ ገና ዕቃ እየሰበሰበች ነው፤ አንድ ከሰዓት ማጣት ያማታል።

"የሷ ስልክ ሲፈለግ ዲዳ፣ ሳይፈለግ ለፍላፊ" አለች አንዷ። ተሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስልኩ ሁለቴ ሲጮህ አብሮ ሳቅ ይሰማል። የሚነሱት እያነሱ መጡ። በመጨረሻ እናቴ ብቻዋን ሸራዋን እየጎተተች ዳር ትወጣለች፣ ዕቃዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ታች ያሉት ለደንበኞቿ ይሸጡላቸዋል። የዋሂሏ አትስቅም፤ አንገቷን ደፍታ ልብስ ታጥፋለች። የድሮዎቹ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይህን አይተው ይመስለኛል። ያ ሳቅ ያስፈራኝ ነበር፤ ከደመናው ይልቅ።

"ተይው፣ ሱቄ በር ላይ ዘርጊ" አልኳት።

"እኔ እወጣለሁ" አለች። "እነሱስ?"

"አብቲን ንገሪውና ለእውነተኛው ብቻ ይደውል።"

"ነገርኩት። አይችልም አለኝ። ዝም ልበል ብል እጄ ራሱ ይደውላል አለኝ።"

የመጨረሻው ቀን ደመና አልነበረም። ይህን ማለት አለብኝ፤ ኋላ ላይ ሁሉም "ጠቁሮ ነበር" ብሎ አውርቷል፣ አልጠቆረም። ደንገጎ በጭጋግ ደብዝዞ ነበር፣ በቃ። ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ እናቴን ዕቃ ላግዛት ሄጄ ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከድልድይ እስከ ድልድይ ሙሉ ነው፤ የትምህርት መክፈቻ ሰሞን ስለሆነ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ወርደው ሹራብ እየለኩ ነው። የእናቴ ስልክ ጮኸ። አንዴ። ሁለቴ። ቆመ።

ሳቁ መጣ። እናቴ ግን ሸራዋን እየሰበሰበች ደወለችለት፤ ይህን አድርጋ አታውቅም። አብቲ አነሳ። ምን እንዳላት የሰማሁት ኋላ ነው፤ "መንገዱን ቆርጦታል፣ የዛሬው እንደ ሌላው አይደለም" ብሏት መስመሩ ተቋረጠ። ፊቷን ከሩቅ አየሁት። ዕቃዋን ወደ እኔ ጎትታ ዳሩ ላይ ጣለችና ዞራ ጮኸች፣ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ። "ውጡ! በአላህ ውጡ!"

"ቁጭ በይ እናቴ፣ ፀሐይ ነው!" አለ አንድ ድምፅ።

የዋሂሏ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ሰማያዊ ነበር። ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች።

እናቴ ስልኩን ከአንገቷ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠች። "ያዢ" አለችኝ። መልሳ ወደ አሸዋው ወረደች። "ሆዮ!" ብዬ ስጮህ አልዞረችም። ጉልበቷ የሚያማት ሴት ናት፤ ቁልቁል በጎን በጎን ነው የምትወርደው። የዋሂሏ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። የምትለምናት መስሎኝ ነበር። ጎንበስ አለችና የዋሂሏን አዲሶቹን ሹራቦች፣ ገና ያልተፈታውን እስር፣ ላፍ አድርጋ ሮጠች።

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማን ያምናል? ከዚያ የዋሂሏ ጮኸች።

"ሌባ! ሌባ!"

በድሬ ገበያ ይህን ቃል ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። ከጎኗ ያለችው ተነሳች፣ ቀጥሎ ያለችው ተነሳች፣ ገዢዎቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተነሱ። መስመሩ በሙሉ እናቴን ተከተለ። እየተሳደቡ፣ ድንጋይ እያነሱ፣ ምን እንደተሰረቀ እንኳ ያላወቁት "ያዟት!" እያሉ። እናቴ እስሩን አቅፋ፣ ጋርቤሳሯ ከራሷ ወርዶ እየተጎተተ፣ አፏን ከፍታ ዳሩን ስትወጣ አየኋት። እኔን አልፋ ሄደች። መቆም አልፈለገችም፤ ሁሉም እስኪወጣ ድረስ መሮጥ ነበረባት። የዋሂሏ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ደረሰችባት። ጋርቤሳሩን ይዛ ጎተተቻት፣ ጣለቻት፣ መታቻት። ፊቷን መታቻት። እኔ እየሮጥኩ ነበር። እናቴ እስሩን አልለቀቀችም፣ እጇንም አላነሳችባትም።

ከዚያ ከበስተኋላችን ድምፁ መጣ።

የዋሂሏ እጇ አየር ላይ እንደተነሳ ቀረ። ማንም ወደኋላ ለመዞር አልደፈረም፤ ድምፁ ይበቃ ነበር። ስንዞር አሸዋው የለም። የተዘረጋው ሸራ፣ የተነጠፈው ልብስ፣ የብርቱካን ጋሪ፣ አንድ ሰው ረስቶ የተዋት ጃንጥላ፣ ሁሉም የለም። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ነው። ያን ያህል ቡናማ ውሃ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያ በኋላም እንዳላይ እለምናለሁ።

እጄ ውስጥ ስልኩ ይጮህ ነበር። መቼ እንደጀመረ አላውቅም። አብቲ ነው። ሁለቴ አይደለም፤ ይጮሃል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጮሃል። አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ ጎተትኩ፤ በላብ ርሷል፣ ተንሸራተተ። ደግሜ ጎተትኩ፣ ተንሸራተተ። ላይ ተራራው ላይ አንድ ሰው እህቱ ትኑር ትሙት አያውቅም፣ እኔ ደግሞ ይቺን አረንጓዴ ክብ ከቦታዋ ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ቁልፍ ቢኖረው፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ቢኖረው ብዬ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። ስልኩ ይጮሃል።

የዋሂሏ ከእጄ ወሰደችው። መስታወቱን በያዘችው የእናቴ ጋርቤሳር ጠረገችው፤ እስከዚያ ድረስ አልለቀቀችውም ነበር። ጣቷንም ጠረገች። ከፈተችውና ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ወጥታለች" አለችው።

ዳሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት። ቀስ ብላ ነው ያየችው፣ አንድ በአንድ። አብቲ ከወዲያ "ሄሎ፣ ሄሎ" ሲል ለእኔ እንኳ ይሰማኛል። መሬት ላይ የተቀመጠችውን እናቴን መጨረሻ ላይ አየቻት፤ ከንፈሯ ደምቷል፣ እስሩን እንዳቀፈች ነው።

"ሁላችንም ወጥተናል" አለች።